የተኩስ ብዛት እንጂ ከፍተኛ ቮልቴጅ አይበቃም፦ ስለ መስመራዊ የኢንዳክሽን አክስለሬተር ክፍሎች አስተማማኝነት

መግቢያ

በመስመራዊ የኢንዳክሽን አክስለሬተር ለአንድ ተኩስ የሚደረገው ዝግጅት ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ተኩሱ ራሱ ግን በማይክሮ ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል። በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የሚገኘው ዳርት የተባለው ተቋም ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። በዚህ ተቋም በፈንጂ ኃይል እየተገፋ የሚንቀሳቀስ ብረት በእንቅስቃሴው መካከል በኤክስሬይ ይነሣል። የኤክስሬዩ ምንጭ በአክስለሬተሩ ተፋጥኖ ከከባድ ብረት ዒላማ ጋር የሚጋጭ የኤሌክትሮን ጨረር ነው። ፍንዳታው የሚመረመረውን አካል ስለሚያጠፋው አክስለሬተሩ በዚያች ቅጽበት ካልሠራ ሙከራውን በማግስቱ መድገም አይቻልም። የጠፋው ምስል ጠፍቶ ይቀራል።

ከዚህ የተነሣ የእንዲህ ዓይነት መሣሪያ አስተማማኝነት ለጥገና ሠራተኞች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ የምርምሩ ውጤት ራሱ የተንጠለጠለበት የፊዚክስና የምሕንድስና ጥያቄ ነው። ሆኖም ስለ ሴሎች፣ ስለ ኢንሱሌተሮችና ስለ ስዊቾች የሚዘጋጁ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ በኩራት የሚያቀርቡት አንድ ቁጥር ነው፤ ክፍሉ የደረሰበትን ከፍተኛ ቮልቴጅ። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ልማድ ይለያል። የአንድ ክፍል ብቃት ሊለካ የሚገባው በሥራ ላይ በሚውልበት ቮልቴጅ ሳይከሽፍ ባሳለፈው የተኩስ ብዛት ነው፤ ማስረጃውም ክፍሉ ወደ አክስለሬተሩ ከመግባቱ በፊት በሙከራ ጣቢያ ሊገኝ ይገባል።

የተርታ አሠራር ጥቅምና ጉዳት

የኢንዳክሽን አክስለሬተር ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኒኮላስ ክሪስቶፊሎስ በሊቨርሞር ይመራው ለነበረው የአስትሮን ፕሮጀክት በተሠራው አክስለሬተር እውን ሆነ። መርሑ ከትራንስፎርመር መርሕ ጋር አንድ ነው። እያንዳንዱ የማፋጠኛ ሴል ቀለበት የመሰለ መግነጢሳዊ እምብርት አለው። ከውጭ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምት የመጀመሪያውን ጥምጥም ሥራ ሲሠራ፣ በቀለበቱ መካከል የሚያልፈው የኤሌክትሮን ጨረር የሁለተኛውን ቦታ ይይዛል። የሴሉ ውጫዊ አካል ከመሬት ጋር እንደተያያዘ ስለሚቆይ ሴሎችን በተርታ በማቆም እጅግ ከፍተኛ ኃይል ማግኘት ይቻላል። ለምሳሌ 250 ኪሎ ቮልት የሚሰጡ 64 ሴሎች በድምሩ 16 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይጨምራሉ። የዳርት የመጀመሪያው መስመር የቆመው በዚህ ስሌት ነው፤ ጨረሩ ከመነሻው ይዞት ከሚመጣው ኃይል ጋር ተደምሮ ወደ 20 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይደርሳል። የጨረሩ ፍሰት 2 ኪሎ አምፔር ገደማ፣ የምቱ ርዝመትም 60 ናኖ ሰከንድ ያህል ነው። የፈረንሳዩ አይሪክስም 64 ሴሎች የነበሩት የዚሁ ቤተሰብ መሣሪያ ነው።

የመሣሪያው ኃይል የሚመጣው ከዚህ ተርታ ነው፤ ተጋላጭነቱም እንዲሁ። አንድ ሴል ሳይተኮስ ቢቀር የሚጎድለው ከ64 አንድ እጅ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ኃይል ያላገኘ ሴል ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በመካከሉ የሚያልፈው ከፍተኛ የጨረር ፍሰት በሴሉ ላይ ተቃራኒ ቮልቴጅ ስለሚፈጥር ሴሉ ጨረሩን ወደ ኋላ ይጎትታል። በዚህም ምክንያት የኤሌክትሮኖቹ ኃይል ከታሰበው ይለያል። ለሌላ ኃይል የተስተካከሉት የትኩረት ማግኔቶች ጨረሩን በታሰበው ቦታ አይሰበስቡትም፤ ዒላማው ላይ የሚያርፈው ነጥብ ይሰፋል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። ስለሆነም ክሽፈት ማለት መሣሪያው ፈጽሞ አለመሥራቱ ብቻ አይደለም። ተኩሱ ተፈጽሞ ምስሉ ለሳይንሱ የማይበቃ ሆኖ ቢገኝም ክሽፈት ነው።

ቁጥሩ የሚያስገድደው

የተርታን አስተማማኝነት ለመገመት ቀላል ማባዛት ይበቃል። እያንዳንዱ ሴል ከ1,000 ተኩስ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከሽፍ ከሆነና ክሽፈቶቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ 64ቱም ሴሎች በአንድ ተኩስ አብረው የመሥራታቸው ዕድል 93.8 በመቶ ነው። ከ16 ተኩሶች አንዱ ይበላሻል ማለት ነው። ለአንድ ሴል እጅግ የሚያስመሰግነው አኃዝ ለመላው መሣሪያ አሳሳቢ ይሆናል። የእያንዳንዱ ሴል ክሽፈት ከ10,000 ወደ አንድ ቢወርድ የመላው ተርታ ዕድል ወደ 99.4 በመቶ ከፍ ይላል። ከሴሎቹ በተጨማሪ ስዊቾችን፣ የማስነሻ ዑደቶችን፣ የማግኔት ኃይል ምንጮችንና የቫኪዩም ፓምፖችን ስንቆጥር ተፈላጊው ደረጃ ከዚህም ይጠብቃል።

ጥያቄው እንዲህ ያለው ደረጃ መገኘቱ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። አንድ ክፍል «100 ጊዜ ተተኩሶ አንድም ጊዜ አልከሸፈም» የሚል ዘገባ ቢቀርብ አድማጭን ያረካል። የስታቲስቲክስ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ክሽፈት ያልታየባቸው የሙከራዎች ብዛት ሲታወቅ፣ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ የክሽፈቱ ዕድል ከፍተኛ ወሰን በግምት 3 ለሙከራው ብዛት ተካፍሎ ይገኛል። ስለዚህ 100 ንጹሕ ተኩሶች የሚያረጋግጡት የክሽፈቱ ዕድል ከ3 በመቶ እንደማይበልጥ ብቻ ነው። በዚህ ወሰን ላይ የሚገኙ 64 ሴሎች በተርታ ቢቆሙ መሣሪያው ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ከመቶ ተኩስ በ14ቱ ብቻ ይሆናል። ሴሎቹ በእርግጥ ይህን ያህል ደካማ ናቸው ማለት አይደለም። የቀረበው ማስረጃ ግን ይህን ሥጋት አያስወግደውም።

ከ1,000 አንድ የሚለውን ደረጃ ለማረጋገጥ ወደ 3,000 የሚጠጋ ክሽፈት የሌለበት ተኩስ ያስፈልጋል፤ ከ10,000 አንድ ለሚለው ደግሞ 30,000። ይህን በተሟላ አክስለሬተር ላይ ማከናወን የማይታሰብ ነው። መሣሪያው ለዋናው ሥራ ይፈለጋል፤ እያንዳንዱ ተኩስም ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ላይ ያረጃቸዋል። በአንጻሩ አንድን ክፍል ለብቻው በሙከራ ጣቢያ አቁሞ በየ10 ሰከንዱ መተኮስ ቢቻል 3,000ው ተኩስ በ8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ 30,000ው ደግሞ በሦስት ቀን ተኩል ያልቃል። የዚህ ጽሑፍ ዋና መከራከሪያ ከዚህ ስሌት ይነሣል። አስተማማኝነትን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው የተኩስ ብዛት በተመጣጣኝ ጊዜና ወጪ የሚገኘው በክፍል ደረጃ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ችግሩ በ64 ሴሎች ተባዝቶ ከመገለጡ በፊት በአንዱ ሴል ላይ ሊገኝ ይገባዋል።

ከኢንሱሌተሩ የሚገኝ ትምህርት

ከክፍሎቹ ሁሉ ይህን ሐሳብ በግልጽ የሚያሳየው በሴሉ ውስጥ ቫኪዩሙን ከዘይት ወይም ከሌላ ማገጃ የሚለየው ኢንሱሌተር ነው። ብረት፣ ኢንሱሌተርና ቫኪዩም በሚገናኙበት ጠርዝ የኤሌክትሪክ መስኩ ይበረታል፤ ከዚያም ኤሌክትሮኖች ይወጣሉ። እነዚህ የኢንሱሌተሩን ገጽ እየመቱ ሌሎች ኤሌክትሮኖችን ያስነሣሉ፤ በገጹ ላይ ተጣብቆ የነበረው ጋዝ ይለቀቃል፤ በመጨረሻም ብልጭታ ገጹን ተሻግሮ ቮልቴጁን ያፈርሰዋል። ገጹን በ45 ዲግሪ ማዘንበል፣ ኢንሱሌተሩን ከጨረሩ ቀጥተኛ እይታ መሰወርና ንጽሕናውን መጠበቅ የታወቁ መከላከያዎች ናቸው። የትኛውም ግን ብልጭታን የማይሆን ነገር አያደርገውም፤ ዕድሉን ይቀንሰዋል እንጂ።

በብሪታንያ በኦልደርማስተን ይሠራ የነበረውና የከፍተኛ ምት ኃይል ምሕንድስና መሥራች ከሚባሉት አንዱ የሆነው ጄ ሲ ማርቲን ከሙከራ ያገኘው ግንኙነት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በዚህ ግንኙነት መሠረት የኢንሱሌተር ገጽ የሚሸከመው የኤሌክትሪክ መስክ ምቱ ከሚቆይበት ጊዜ ስድስተኛ ሥርና ከገጹ ስፋት ዐሥረኛ ሥር ጋር በተቃራኒ ይለዋወጣል። ሁለት ውጤቶች ከዚህ ይከተላሉ።

የመጀመሪያው ስለ ጊዜ ነው። ምቱ ከ60 ናኖ ሰከንድ ወደ 2 ማይክሮ ሰከንድ ቢረዝም ያው ኢንሱሌተር የሚሸከመው መስክ በ1.8 እጥፍ ይቀንሳል። የእምብርቱም ሸክም አብሮ ይጨምራል፤ ሴሉ የሚሰጠው ቮልቴጅ በጊዜው ተባዝቶ ከእምብርቱ ስፋትና ከመግነጢሳዊ ለውጡ ብዜት ሊበልጥ አይችልምና። የ250 ኪሎ ቮልትና የ80 ናኖ ሰከንድ ምት 0.02 ቮልት ሰከንድ ሲፈልግ፣ የ200 ኪሎ ቮልትና የ2 ማይክሮ ሰከንድ ምት 0.4 ቮልት ሰከንድ፣ ማለትም 20 እጥፍ ይጠይቃል። ለአጭሩ ምት የፌራይት እምብርት ሲበቃ ለረጅሙ እንደ ሜትግላስ ያለ ስስ የብረት ጥቅል ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

የዳርት ሁለተኛ መስመር ታሪክ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ይህ መስመር ወደ 1.6 ማይክሮ ሰከንድ የሚዘልቅ ረጅም ምት አመንጭቶ ከእርሱ አራት አጫጭር ምስሎችን እንዲያነሣ የታቀደ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ መጀመሪያ የተሠሩት ሴሎች ሲፈተኑ የታቀደላቸውን ቮልቴጅ በአስተማማኝ ሁኔታ መሸከም አልቻሉም። ሴሎቹ በአዲስ ንድፍ ታድሰው መስመሩ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የብዙ ዓመታት መዘግየቱ የሚያስተምረው ነገር አለ። በሴል ደረጃ ያለ ድክመት ሴሎቹ በብዛት ከተመረቱ በኋላ ሲገለጥ የሚስተካከለው አንድ ሴል ሳይሆን መላው ተርታ ነው።

ሁለተኛው ውጤት ስለ ስፋት ሲሆን ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል። የዐሥረኛ ሥር ግንኙነት በተገላቢጦሽ ሲነበብ፣ የብልጭታ ዕድል ከገጹ ስፋት ጋር በቀጥታ፣ ከመስኩ ጋር ደግሞ በዐሥረኛ እርከን ያድጋል ማለት ነው። ሴሎችን ማብዛት ዕድሉን ቀስ ብሎ ሲያሳድግ፣ ቮልቴጅን መቀነስ ግን በፍጥነት ያወርደዋል። ከላይ የተጠቀሰውን 16 ሜጋ ቮልት በ64 ሴሎች ፋንታ በ72 ሴሎች ማግኘት ቢፈለግ የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ ከ250 ወደ 222 ኪሎ ቮልት ይወርዳል። የሴሎቹ ብዛት በ12.5 በመቶ ቢጨምርም፣ በዚህ ግንኙነት ሲሰላ የመላው ተርታ የብልጭታ ዕድል ወደ ቀድሞው ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ከአቅም በታች ማሠራት የፈሪ ምሕንድስና ነው የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም።

ስዊቹና ዝምተኞቹ ክሽፈቶች

የብልጭታ ስዊች የራሱ ችግር አለው። የሚሠራበት ቮልቴጅ በራሱ ከሚበራበት ቮልቴጅ በጣም ከቀረበ ያለጊዜው ይተኮሳል፤ በጣም ከራቀ ደግሞ የማስነሻውን ትእዛዝ ተከትሎ የሚበራበት ጊዜ ይዋዥቃል፤ አንዳንዴም ፈጽሞ አይበራም። በ60 ናኖ ሰከንድ ምት ውስጥ የጥቂት ናኖ ሰከንዶች መዘግየት የጨረሩን ኃይል ያዛባል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ተኩስ ከኤሌክትሮዱ ጥቂት ብረት ይልጣል፤ ጋዙንም ይበክላል። ዛሬ ትክክለኛ የሆነው ርቀት ከብዙ ሺህ ተኩስ በኋላ ትክክለኛ ላይሆን ይችላል። በ50 ተኩስ የተገኘ የስዊች ውጤት ስለ አዲስ ስዊች እንጂ ስለ አገልግሎት ዘመኑ የሚናገረው ጥቂት መሆኑም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሌሎች ክሽፈቶች ድምፅ የላቸውም። እምብርቱ ከእያንዳንዱ ምት በፊት በተቃራኒ አቅጣጫ ተመልሶ መግነጢሳዊ ካልተደረገ ምቱ ሳያልቅ ይሞላል፤ ቮልቴጁም በመካከል ይወድቃል። የዳርት የመጀመሪያ መስመር የሚጠቀምበት የከፋይ ጨርቅ ካቶድ በአገልግሎት ብዛት ባሕርዩ ሊለወጥ ይችላል። በሁለተኛው መስመር ያለው በሙቀት የሚሠራው ካቶድ ደግሞ በቫኪዩሙ ውስጥ ባለ ብክለት አቅሙን ያጣል። እንዲህ ያሉትን የሚያጋልጠው ፍንዳታ ሳይሆን በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ነው። የዛሬው ምት ከአንድ ወር በፊት ከነበረው ጋር ካልተነጻጸረ ዝግታው አይታይም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ከላይ በቀረበው ሐሳብ ላይ ቢያንስ ሦስት ተገቢ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው የሙከራ ጣቢያ እውነተኛውን ሁኔታ አያሳይም የሚል ነው። በጣቢያው የኤሌክትሮን ጨረር፣ የተበተነ ኤክስሬይና የጎረቤት ሴሎች ተጽዕኖ የለም። ይህ እውነት ነው፤ ጨረሩን በመቋቋሚያ ጭነት መተካትም በከፊል ብቻ ይረዳል። ነገር ግን በጣቢያ ያለፈ ክፍል በመሣሪያው ላይ ሊወድቅ ቢችልም፣ በጣቢያ የወደቀ ክፍል በመሣሪያው ላይ ያልፋል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። ጣቢያው የመጨረሻውን ማረጋገጫ ባይሰጥም የመጀመሪያውን ማጣሪያ ይሰጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከላይ የቀረቡት ስሌቶች ክሽፈቶች እርስ በርስ አይያያዙም ብለው ይነሣሉ የሚል ነው። ይህም ተገቢ ትችት ነው። አንድ የምት ማመንጫ ሁለት ሴሎችን ካንቀሳቀሰ ሁለቱ አብረው ይከሽፋሉ፤ የተበከለ ዘይት ወይም የተሳሳተ የማስነሻ ምልክት ብዙዎችን በአንድ ጊዜ ይጎዳል። ይሁንና መፍትሔው ቆጠራውን መተው አይደለም። የጋራ ምክንያት ያላቸውን ክሽፈቶች በመዝገብ ለይቶ መያዝ ነው፤ ያልተመዘገበ ክሽፈት የጋራ ይሁን የብቻ ሊታወቅ አይችልምና።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቴክኖሎጂው ራሱ ችግሩን እየፈታው ነው የሚል ነው። በኔቫዳ ከመሬት በታች ለሚተከለው ስኮርፒየስ የተመረጡት በሴሚኮንዳክተር ስዊቾች የሚሠሩ የምት ማመንጫዎች ናቸው። እነዚህ የሚላጥ ኤሌክትሮድና የሚበከል ጋዝ የላቸውም፤ የምቱን ቅርጽና ጊዜም በትክክል ለመቆጣጠር ያስችላሉ። ነገር ግን አንድ ትልቅ ስዊች በብዙ ትንንሽ ስዊቾች ሲተካ የክፍሎቹ ብዛት እጅግ ይጨምራል። ንድፉ ጥቂቶቹ ቢከሽፉ ቀሪዎቹ እንዲሸከሙ ካላደረገ ማባዛቱ እንደገና ይጫናል። አዲሱ ቴክኖሎጂ የቆጠራውን አስፈላጊነት አያስቀርም፤ የሚቆጠረውን ይለውጣል እንጂ።

ማጠቃለያ

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ይመራል፤ ስለ ክፍሎች የሚጽፍ ተመራማሪ፣ በተለይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ምን ሊዘግብ ይገባዋል? ቢያንስ አራት ነገሮች አስፈላጊ ናቸው። አንደኛ፣ ክፍሉ በሥራ ቮልቴጁ ስንት ጊዜ ተተኮሰ? ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ ከሸፈ? ክሽፈት ካልታየም የዕድሉ ከፍተኛ ወሰን ስንት ነው? ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ክሽፈት ከየትኛው ዓይነት ነው፤ ያለጊዜው መተኮስ፣ አለመተኮስ፣ የጊዜ መዋዠቅ ወይስ የገጽ ብልጭታ? አራተኛ፣ በሙከራው ወቅት የቫኪዩሙ፣ የዘይቱ፣ የጋዙና የገጹ ሁኔታ ምን ነበር? ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ክፍሉን መልሶ የሚጠቀምበት ሌላ ሰው የሚፈልገው ግን ይህንኑ ገጽ ነው።

ይህ እንዲሆን ግን የምዘና ልማድም መለወጥ አለበት። የከሸፈ ኢንሱሌተር በተማሪው ላይ እንደ ጉድለት ከተቆጠረ ተማሪው ይደብቀዋል ወይም ይጥለዋል፤ የብልጭታው ዱካ ያለበት ገጽም ሳይመረመር ይቀራል። አማካሪዎችና ፈታኞች ክሽፈትን በሚገባ የመዘገበና ምክንያቱን የለየ ሥራ ከፍተኛ ቮልቴጅ ካስመዘገበ ሥራ ባላነሰ ሊያከብሩ ይገባል። ከፍተኛው ቮልቴጅ ክፍሉ አንድ ጊዜ ምን ማድረግ እንደቻለ ይነግራል። ሊደገም የማይችለውን ሙከራ የሚያዘጋጀው ተመራማሪ ማወቅ የሚሻው ግን ክፍሉ በሚቀጥለው ተኩስ ምን እንደሚያደርግ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የተኩሶቹ ቆጠራ ነው።